በረካን ያሰመጠችው ሴት

ባለፈው ቅዳሜ ፌርፋክስ ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት፣ ምሳዬን እየበላሁ፣ እኔው ባለሁበት ታማሁ። ያማኝ ሰው አያውቀኝም፤ እኔም እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላውቀውም ነበር። የልጄ ልጅ ነጂማ ፓሳዴና ሆስፒታል ነርስ ናት። ዕረፍቷ ከቅዳሜ ጋር ሲገጥምላት ከኢንግልዉድ ታነሣኝና ምሳ ትጋብዘኛለች። እኔ ሥጋው በማን እጅ እንደታረደ ስለማላውቅ ሁልጊዜ ዓሣ ነው የማዝዘው፤ አዝዤም ሁልጊዜ አማርራለሁ። አሰብ ላይ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ ከሸክላ ምድጃ ትኩሱን የሚወጣውን ዓሣ የለመደ አፍ በበረዶ ውስጥ የከረመ ዓሣ እንዴት ደስ ይለዋል? ነጂማ ይህን ማማረሬን በቃሏ ታውቀዋለች። «ሶ ለምን ታዝዢዋለሽ እማማ?» ትለኛለች። «ለማማረር» እላታለሁ። ሰማንያ ዓመት ያለፋት ሴት ከማማረር ሌላ ምን መዝናኛ አላት?

ያን ዕለትም ምግቡን ገና እንደጀመርኩ ከጀርባዬ ካለው ጠረጴዛ አንድ ወፍራም የሽማግሌ ድምፅ «በረካ ትባላለች፣ ሳምቡኳ» ሲል ሰማሁ። ጆሮዬ ቆመ። በትከሻዬ በኩል ዞር ብዬ አየሁት። ቆብ ያደረገ፣ ጥርሱ ያልጎደለ፣ ጨዋታ የሚያውቅ ዓይነት ሽማግሌ ነው። ሦስት ጎልማሶች ከበውታል። ኤርፖርት ታክሲ የሚነዱ መሆናቸውን ከወሬያቸው ተረድቻለሁ። «ጋሼ ታደሰ» ይሉታል።

«ያኔ እኔ ከደሴ አሰብ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና እነዳለሁ» ይላል። «አጣናውን እስከ ወደቡ የምናወርደው እኛ ነን፤ ከዚያ ወዲያ ባለው የባሕር ዳርቻ ሁሉ የሚያደርሱት ሳምቡኮቹ፣ የእንጨት መርከቦቹ ናቸው። በሸራ ነው እንግዲህ፣ ሞተር የለ፣ ምን የለ። የዚያ አገር ሕግ ምን መሰላችሁ? የናኹዳ ሚስት፣ ናኹዳ ማለት ያው ካፒቴኑ ነው፣ ጭነት የያዘች ሳምቡክ አትረግጥም። ሌላ ሴት ትሳፈር፣ ግድ የለም። የናኹዳው ሚስት ግን በፍጹም! ታዲያ አንዷ ቀበጥ ሄዳ ረገጠቻታ!»

«ከዚያስ ጋሼ?»

«ከዚያማ በዚያኑ ቀን ብትንትኗ ወጣ!»

«ኖ ዌይ!» አለ አንደኛው፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ።

ነጂማ ሹካዋን ይዛ ታየኛለች። «እማማ፣ ምነው? ኦኬ ነሽ?»

«ቀበጧ እኔ ነኝ» አልኳት።

መጀመሪያ ሳቀች። ፊቴን ስታይ ተወችው። ከዚያ ንዴቷ መጣ፤ የዛሬ ልጆች ንዴታቸው እግራቸው ላይ ነው፣ ወዲያው ብድግ ይላሉ። «ዋት? ሶ ቁጭ ብለሽ ትሰሚያለሽ? እውነት ነው እንዴ? ቆይ እኔ ሄጄ ልንገረው» አለች። «ተቀመጪ» አልኳት፣ «ዓሣሽን ብዪ።»

ነጂማ አልገባትም እንጂ እኔ በዚህ ወሬ የምቆጣ ሰው አይደለሁም። በረካን ያሰመጠችው ሴት እየተባልኩ ግማሽ ዕድሜዬን ኖሬያለሁ። ይህን ስም ማንም አልለጠፈብኝም፤ እኔው ራሴ ወድጄ፣ አውቄ፣ በአደባባይ የወሰድኩት ስም ነው። የወሰድኩትም ለአንድ ሰው ስል ነው፣ ለባሌ ለናኹዳ ኢብራሂም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። ባሌ ያንን ያወጣሁለትን ወሬ ተቀብሎ ሸክሙን ጥሎበት ይሁን፣ ወይስ ሸክሙን ደብቆ ብቻውን ተሸክሞ ይሁን የሞተው፣ አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ መልስ ያጣሁለት ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

አሰብ የገባሁት አባቴን ተከትዬ ነው። አባቴ የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ አጣና ነጋዴ። ያኔ የወሎ ባሕር ዛፍ በመኪና ተጭኖ፣ ዳገቱንና ቁልቁለቱን ጨርሶ፣ ያንን እሳት የሆነ በረሃ አቋርጦ አሰብ ይወርዳል። አሰብ ራሷ ዛፍ የላትም፤ ያላት ጨውና ሙቀት ነው። ስለዚህ አጣና እንደ ጨርቅ በወግ የሚሸጥ ዕቃ ነበር። ወፍራሙ ለቋሚ፣ ቀጭኑ ለማገር፣ ቀጥ ያለው ለጣሪያ፣ ጠማማው ለአጥር እየተባለ ይለያል። ማገር በእስር ይሸጣል፤ አንድ እስር በሁለት ብር ይገዛና ሻይም በላዩ ይጋበዛል። አባቴ ሲሞት ግቢውን እኔ ያዝኩት። ሴት ልጅ አጣና ስትሸጥ ያየ ሰው በመጀመሪያ ይስቃል፤ ከዚያ ጠማማውን በቀጥ ያለው ዋጋ ሸጬለት ይሄዳል።

የካምቦ ሱዳን ሰፈር ማዕዘን ላይ ነበር ግቢያችን። ከማዕዘኑ ወዲህ አንድ የየመን ሰው ሻይ ቤት፣ ከማዶ ደግሞ ከኤደን የመጣ ጨርቅ የሚሸጥበት ሱቅ አለ። ከዚያ ሱቅ ነው ድሪያዬን ሁሉ የገዛሁት፤ አንዱ ብርቱካናማ፣ አንዱ የባሕር ውኃ የመሰለ፣ ስስ ቀሚስ፣ ንፋስ ሲመታው ከኋላ እንደ ሸራ የሚነፋ። ከሰዓት በኋላ ከተማው ይተኛል፤ ውሻው ሳይቀር ይተኛል። አመሻሽ ላይ ወንዱም ሴቱም አልጋውን ተሸክሞ መንገድ ላይ ያወጣል፤ ሬዲዮው ይከፈታል፣ አንዱ ቤት የዓረብ ዘፈን፣ ሌላው ቤት የአዲስ አበባ ዘፈን፣ ሁለቱ መንገዱ መሀል ላይ ይደባለቃሉ። መንግሥት ሊለወጥ ነው፣ አይለወጥም የሚባልበት ዘመን ነው፤ እኛ ግን ስለ ነፋስ ነበር የምናወራው። ነፋሱ ከደቡብ ነው፣ ከሰሜን ነው፣ መቼ ይዞራል የሚለው ነበር ፖለቲካችን።

ኢብራሂምን ያገኘሁት እንጨት ሊገዛ መጥቶ ነው። ረዥም፣ ጥቁር፣ ሽርጡን ከፍ አድርጎ የሚታጠቅ፣ ሲሄድ መሬቱ የሚወዛወዝ ይመስል እግሩን የሚያሰፋ ሰው ነበር። እያንዳንዱን አጣና በጣቱ እያንኳኳ ይመርጣል። «ልታገባው ነው ወይስ ልትገዛው?» አልኩት። «አጣናውንስ እገዛለሁ» አለኝ፣ እኔን እያየ። ድፍረቱ ገረመኝ። ከተጋባን በኋላ የአባቱን ውርስ እሱ አወጣ፣ እኔ ወርቄን ሸጥኩ፤ በረካ አሰብ ዳርቻ ላይ ተሠራች። ጥርቧ ከየመን የመጣ፣ ምሰሶዋ ከእኔ ግቢ የወጣ ነው። ግማሿ የእኔ ናት ማለት ነው። የግማሿ ባለቤት ግን ጭነት ባላት ቀን እግሯን ማሳረፍ አትችልም። የሚስት ዓይን ባሏን ከመሬት የሚጠራ ዓይን ነው፣ መርከቧን ወደ መሬት ይጎትታል ይላሉ። እኔ የደጋ ልጅ ነኝና ይህን ስሰማ እስቅ ነበር። ግን ባዶዋን ሆና አሸዋ ላይ በምትጋደምበት ሰሞን ካልሆነ ረግጫት አላውቅም። ከሰው ጋር ስትኖር በሰው ወግ ነው።

አሸዋ ላይ በምትጋደምበት ጊዜ ግን ሙሉ በሙሉ የእኔ ነበረች። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ውኃው ሲሸሽ በጎኗ ትጋደማለች፤ ሆዷን የእንጨት ትል እንዳይበላው ኖራና ሞራ ተደባልቆ በእጅ ይቀባል፤ ላይዋ ደግሞ የሻርክ ጉበት ዘይት ይጠጣል። የዚያን ዘይት ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅ አያድርስበት። ከጸጉሬ ሳምንት አይለቅም ነበር። እዚህ ማሪና ዴል ሬይ ነጂማ አንድ ቀን ወስዳኝ ነጫጭ ጀልባዎች በሰልፍ ቆመው አየሁ። ሲያምሩ! ግን ጠጋ ብዬ ባሸት ባሸት ምንም የላቸውም። «ምን ፈልገሽ ነው የምታሸቺው?» አለችኝ። የሠራ ጀልባ ይሸታል ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ቆሞ የሚውል ነው አልኳት። ይልቅ እዚህ አገር ደስ የሚለኝ የቤት አሠራሩ ነው። ኢንግልዉድ ውስጥ አዲስ አፓርትመንት ሲሠራ፣ ግድግዳው ሳይለብስ፣ እንጨቱ ብቻ ቆሞ ሲታይ፣ ከእግረኛ መንገዱ ላይ ቆሜ ቋሚና ማገሩን አያለሁ። ሠራተኞቹ ለምደውኛል፤ «ሃይ ማማ» ይሉኛል። ጠማማ እንጨት ሲያቆሙ ካየሁ ራሴን እነቀንቅባቸዋለሁ።

በረካ የምትሠራው ከአሰብ ወደ ሰሜን ነበር፤ ወደ ቤይሉል፣ ወደ ኢዲ፣ ወደ ቲዮ፤ አንዳንዴም ማዶ የመን፣ ሞካ ትሻገራለች። በእነዚያ መንደሮች ወደብ የሚባል ነገር የለም። ኢብራሂም ውኃው አንገት በሚደርስበት ቦታ ያቆማትና መርከበኞቹ አጣናውን አንድ ከግራ፣ አንድ ከቀኝ ወደ ባሕሩ ይጥላሉ። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ትጋደላለች። መንደርተኛው ደግሞ፣ ሽማግሌው ሳይቀር፣ እየዋኘ አጣናውን እንደ ከብት እየነዳ ወደ ዳርቻ ያወጣል። «ያ በረካ!» ይላል አውጪው፤ «ሄ!» ይላል ተቀባዩ። በዚያ ዳርቻ የቆመ ቤት ሁሉ ጣሪያው ከእኔ ግቢ የወጣ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ስትመለስ ደረቅ ዓሣና ምንጣፍ ይዛ ትመለሳለች። ምሰሶዋ ከሩቅ ብቅ ሲል ድሪያዬን ለብሼ ዳርቻው ላይ እቆማለሁ፤ እሱም ከሩቅ ቀለሜን አይቶ ያውቀኛል።

የአጣና ጭነት አንድ ትልቅ ሕግ አለው። እርጥቡ ከታች፣ ደረቁ ከላይ። እርጥብ እንጨት ከባድ ነው፤ ከላይ ከሆነ መርከቧን አናቷ ይከብዳታል፤ ነፋስ ሲገፋት የመመለስ ዐቅም አይኖራትም። ይህን ሕግ በአሰብ የማያውቅ ሕፃን የለም። በመጨረሻው ጉዞ ግን የሆነው እንዲህ ነው። ከደሴ የሚመጣው እርጥብ አጣና መንገድ ላይ በዝናብ ዘገየ። የደቡቡ ነፋስ የሚያበቃበት ሰሞን ነው፤ ከዞረ ወደ ሰሜን መሄድ የለም። ኢብራሂም ግቢዬ ውስጥ ያለውን ደረቅ መጫን ጀመረ። ጭኖ ሊጨርስ ሲል እርጥቡ ደረሰ። ደንቡ ደረቁን አውርዶ እንደገና መጫን ነው። መርከበኞቹ እጃቸውን አጣምረው አዩት። እኔም ከዳርቻው ሆኜ «ኢብራሂም፣ እርጥቡ ከላይ ሊሆን እኮ ነው» አልኩት። «በረካ እጄን ታውቃለች» አለኝና እርጥቡን ከላይ ጫነ። እጁንማ ታውቅ ነበር፤ ነፋሱ ግን አያውቀውም። ጎበዝ ሰው የሚሳሳተው እንዲህ ነው፤ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ይፈራና ደንቡን ይከተል ነበር።

ሩቅ አልሄደችም። ከባሕረ ሰላጤው ደሴቶች አጠገብ ነፋሱ በጎኗ መታት፤ ተጋደለች፣ ጭነቱ ተንሸራተተ፣ ከውኃ በታች ካለው ቋጥኝ ላይ ተቀመጠች። ምሰሶዋ እንደ ሰካራም ዘንበል ብሎ ከከተማው ይታያል። መርከበኞቹ በሁሪ፣ በዚያች ከአንድ ግንድ በምትፈለፈል ትንሽ ጀልባ፣ ተራ በተራ ወጡ። ናኹዳው ቀረ። ሲነጋ አጎቱ ሄደው ለመኑት፤ ሼኩም ሄዱ። «ውኃው ሲሞላ ትነሣለች፣ እጠብቃታለሁ» እያለ ሁሉንም መለሳቸው። ዳርቻው ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ተስፋ አደረገ። ውኃው ይሞላል፣ በረካ ትነሣለች፣ ኢንሻላህ ተባለ። እኔም ተስፋ አደረግኩ።

የመርከበኞቹ አለቃ ሑመድ ግን ከሰው ለይቶ ወደ ጎን ወሰደኝ። የአፋር ሰው ነው፤ ቃል አያባክንም። «እትዬ ዘሐራ» አለኝ፣ «ሆዷ ተቀዷል። በዓይኔ አይቻለሁ። እሱም አይቷል። ኢብራሂም የሚጠብቀው ውኃውን አይደለም።»

«ታዲያ ምኑን ነው?»

«የከሰዓቱን ነፋስ።»

ከበረካ ጋር ሊሰምጥ ቆርጧል ማለቱ ነው። ባሌን አውቀዋለሁ። እርጥቡን ከላይ ጭኖ መርከብ የገደለ ናኹዳ ተብሎ በዚያ የሻይ ቤት ፊት ማለፍ የሚችል ሰው አልነበረም። ድህነቱን ይችለዋል፤ ያንን አይችለውም። ቅስሙ የተሰበረ ሰው ደግሞ በልመና አይነሣም፤ አጎቱም ሼኩም የሄዱት በልመና ነው። እኔ በልመና እንደማልሄድ ሁሪው ላይ ሳልወጣ ወስኜ ነበር።

ሑመድ ቀዘፈልኝ። ሁለት ሰዎች ከኋላችን በሌላ ሁሪ ተከተሉን። በረካ ጎን ስንደርስ ኢብራሂም ከምሰሶው ሥር ተቀምጦ አየሁት። ሽርጡ በጨው ነጥቷል። ገመዱን ይዤ መውጣት ስጀምር ተነሥቶ እጁን ዘረጋ፤ ሊያወጣኝ አይደለም፣ ሊከለክለኝ ነው።

«ዘሐራ፣ ምን ልትሠሪ ነው? ጭነት አላት እኮ!»

«አይቻለሁ» አልኩትና ወጣሁ። ጫማዬን አውልቄ በባዶ እግሬ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እርጥቡ አጣና ላይ ቆምኩ። ንፋሱ ድሪያዬን ያራግበዋል፤ ከዳርቻው ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያየኝ አውቃለሁ። «አየህ? ረገጥኳት። ከአሁን በኋላ በረካን ያሰመጥኳት እኔ ነኝ። እርጥቡን ከላይ የጫነ የለም፤ ናኹዳው የሳተው ነገር የለም። ሚስቱ ረገጠችበት፣ አለቀ። በል ውረድና ቤት እንሂድ።»

ለረዥም ጊዜ አየኝ። እንዲያ ያየኝ ቀን ከዚያ በፊትም በኋላም የለም። «ምን እያደረግሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«አገር ምን ይልሻል?»

«የፈለገውን ይበለኝ። አንተ ብቻ ውረድ።»

ጎንበስ ብሎ በባሕሩ ውኃ ፊቱን ታጠበ። ከዚያ እኔን ቀድሞ ወረደ አልልም፤ እኔን አስወርዶ፣ ከኋላዬ ወረደ። ሑመድ ነገሩ ገብቶታል። ዳርቻው ሳንደርስ ገና ከሩቁ «የናኹዳው ሚስት ረገጠቻት! ረገጠቻት!» እያለ ይጮኽ ጀመር፣ ያ ቃል የማያባክነው ሰው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ መጣ። በረካ እስኪመሽ አልቆየችም። ምሰሶዋ ሲሄድ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየው እኔን ነው፤ ኢብራሂምን ያየ አልነበረም። እኔም የፈለግኩት ይህንኑ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ምን ልበል? ለብዙ ጊዜ አጣናዬ በየዳርቻው እየተተፋ ወጣ፤ ያገኘ ሰው ቤቱን ሠራበት፤ ይሁንላቸው። በዳርቻው ስሄድ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን በጨርቅ ይሸፍኑ ነበር። ሙሽራ ሲሸኝ እኔ አልጠራም፤ ድንገት መንገድ ላይ ከገጠምኳቸውም ሙሽሪትን በሌላ በኩል ያዞሯታል። ሆዴ የባባበት ቀን አልነበረም አልልም። ግን አመሻሽ ላይ ኢብራሂም አልጋውን ተሸክሞ መንገድ ላይ ሲያወጣ፣ ትራሱን ሲያስተካክል፣ ሲያስነጥስ፣ ለካ ሰው በሕይወት አለ እላለሁ። በዚያ ብቻ ዓለም የእኔ ትሆናለች። ወደቡ ላይ መርከብ ጎታች ጀልባ ላይ ሥራ ያዘ። የነጂማ እናት ተወለደች። የበረካን ስም ግን ዳግመኛ ከአፉ አልሰማሁም። እንግዳ መጥቶ ወሬው ከተነሣ ጫማውን አጥልቆ ይወጣል። ከሻይ ቤቱም ለረዥም ጊዜ ቀርቶ ነበር፤ ኋላ መሄድ ጀመረ፤ እዚያ ግን ሴት አትገባምና ምን እንደሚወራ አላውቅም። አልጠየቅኩትም። ሲታመምም አልጠየቅኩትም። እጄን ይዞ ነው የሞተው፤ ስለ መርከቢቱ ግን ምንም አላለም። ከቀበርነው በኋላ ነው ያቺ ጥያቄ እንደ እሾህ የተሰካችብኝ። ወረደልኝ እንጂ፣ በእርግጥ ወርዶ ነበር? ወይስ እኔ እንዳልሰማ ደብቆ ሌት ተቀን እርጥቡን ከላይ ሲጭን ነው የኖረው?

ይህን ሁሉ ለነጂማ በቅጡ አልነገርኳትም፤ ግማሹን በአፌ፣ ግማሹን በሆዴ ሳወራ ዓሣው ቀዘቀዘ። እሷ እጄን ይዛለች። ከጀርባችን ያሉት ሰዎች ወደ ሌላ ወሬ ሄደው ነበር፤ ስለ በርባንክ መንገድ መዘጋጋት ያወራሉ። ድንገት ያ ስልኩን ያስቀመጠው ጎልማሳ «ቆይ ግን ጋሼ» አለ፣ «ካፒቴኑስ? ሚስቱን ምን አላት? ዳይቮርስ አደረጋት?»

«እሱ ነው የሚገርመው!» አለ ጋሼ ታደሰ። «አንድ ቀን ሻይ ቤት ቁጭ ብለናል። እሱም ጥግ ላይ አለ። እዚያ ቤት ስለ መርከቡ ማንም ፊት ለፊት አይጠይቀውም ነበር፣ ነውር ነው። ታዲያ ከምጽዋ የመጣ አንድ የማያውቅ ሰው ‹ናኹዳ ኢብራሂም፣ ሳምቡክህን ምን በላት?› አይለው መሰላችሁ! ቤቱ ጸጥ! እኛ መሬቱን እናያለን። ሰውዬው ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ አስቀመጠና ‹ሚስቴ ናታ! ሚስቴ ናት ያሰመጠችብኝ!› ብሎ ሳቀላችሁ! እንዲያ ሲስቅ አይተነው አናውቅም። ከዚያ ተነሥቶ የቤቱን ሰው ሻይ በሙሉ ጋበዘ። እስከ ዛሬ አይገባኝም። ሚስቱ መርከብ ያሰመጠችበት ሰው ሻይ ይጋብዛል?»

ወንበሬን አዞርኩ። ጉልበቴ አሞኛል እንጂ እነሣ ነበር።

«ወንድሜ» አልኩት፣ «ይህን ሲል እርስዎ ራስዎ ሰምተዋል? ወይስ ከሰው ነው?»

«ኧረ በእነዚህ ጆሮዎቼ እትዬ! ከእኔ እስከ እርስዎ አይርቅም ነበር። አሰብን ያውቁታል እንዴ?»

«ሳቁስ? የምሩን ነው? ወይስ የሰው ፊት ሆኖበት ነው?»

ሽማግሌው ጥያቄዬ ገረመው፤ ግን ደህና ሰው ነውና አሰበበት። «የምሩን ነው» አለ። «እንባው እስኪመጣ። ከባድ ዕቃ ያወረደ ሰው ትንፋሽ አለ አይደል? እንደዚያ ተንፍሶ ነው ወደ ቤቱ የሄደው።»

ነጂማ አልቻለችም። «ጋሼ፣ ሴትዮዋ እሷ ናት! ያቺ ሴት እሷ ናት፣ ግራንድማዬ!»

ጋሼ ታደሰ ብድግ ብሎ ቆቡን አወለቀ። ሦስቱ ጎልማሶች ምግባቸው ላይ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። «ውይ! ውይ እትዬ! ምላሴ ይቆረጥ! እኔ እኮ... ቀበጥ ያልኩት... በእናትዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ!»

«ምን ይቅርታ ያስፈልጋል?» አልኩት። እንባዬ ይወርዳል፤ እኔ ግን እየሳቅኩ ነው። ባሌ ወርዶ ነበር። የሰጠሁትን ተቀብሎኝ ነበር፤ ተቀብሎኝ፣ በሰው ፊት አውጥቶ፣ ስቆበት ኖሯል። «ይልቅ ይቀመጡና ይድገሙልኝ።»

«የቱን እትዬ?»

«ሚስቴ ናታ ያለውን።»

ሽማግሌው ጎልማሶቹን አየ፣ ነጂማን አየ። አፍሯል። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ እንደ ባሕር ሰው ድምፁን ጎላ አድርጎ፣ «ሚስቴ ናታ! ሚስቴ ናት ያሰመጠችብኝ!» አለ።

«እንደገና» አልኩት።